«ቆይ፣ ይሄን ታሪክ አውቀዋለሁ!» የምትወዱትን መጽሐፍ የሚመስል የወጣቶች ፋንታሲ እንዴት ይነበባል?

አዲስ ፋንታሲ፣ ማለትም አስማት ያለበት ልብ ወለድ፣ ጀመራችሁ እንበል። ልጁ ወላጆች የሉትም። የሚያሳድጉት ሰዎች አይወዱትም። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ሰው መጥቶ «አንተ እኮ እንደ ሌላው ልጅ አይደለህም» ይለዋል። ሃያ ገጽ ሳትሄዱ «ይሄማ እሱ ራሱ ነው!» ትላላችሁ። «እሱ» ማለት ያ በልጅነታችሁ እንቅልፍ አጥታችሁ ያነበባችሁት፣ ስንቴ እንደደገማችሁት የማታስታውሱት መጽሐፍ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ አንባቢ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ኮፒ ነው» ብሎ ይወረውረዋል፣ ወይ እስከ መጨረሻው እንከን ሲለቅም ይከርማል። «የድሮውን እርሱትና አዲሱን ብቻውን አንብቡት» የሚሉ መካሪዎችም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚወዱትን መጽሐፍ በትእዛዝ መርሳት የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ መመሳሰሉን ተጠቀሙበት። ሁለቱ መጻሕፍት አብረው ሄደው ሄደው የሚለያዩበት ቦታ አለ። የእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ዋናው ጣዕም እዚያ ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ እንዲህ ነው።

1. ከድሮው ምኑን እንደወደዳችሁ ለዩ

አዲሱን ከመክፈታችሁ በፊት ቁራጭ ወረቀት ያዙ። የድሮውን መጽሐፍ ለምን እንደወደዳችሁት ሦስት አጭር መስመር ጻፉ። ታሪኩን አትተርኩ። «አስማት ስላለበት» ብላችሁ ከሆነ ሰርዙትና እንደገና ሞክሩ። አስማት ያለበት መጽሐፍ ሞልቷል፤ ሁሉንም ግን አልወደዳችሁም።

አንድ ጥያቄ ይረዳል። አስማቱ በሙሉ ቢወጣ ከታሪኩ ምን ይተርፋል? አንዱ «ሦስቱ ጓደኛሞች» ይላል። ሌላዋ «ቤት ያልነበረው ልጅ ቤት ማግኘቱ» ትላለች። «ምስጢሩ ቀስ እያለ ሲገለጥ» የሚልም አለ። የምትፈልጉት መልስ ይሄ ነው።

ጥቅሙን ልንገራችሁ። መጽሐፍ ጀርባ ላይ «እገሌን የወደደ ይሄንንም ይወዳል» ተብሎ ሲጻፍ የሚወዳደረው ብዙ ጊዜ ከላይ የሚታየው ነው። እዚያም ትምህርት ቤት አለ፣ እዚህም አለ። እዚያም ዘንዶ አለ፣ እዚህም አለ። በዚህ የተነሣ ጓደኝነቱን የወደደ ሰው ብቻውን የሚዋጋ ጀግና እጅ ላይ ይወድቃል። ከዚያ «እንደዚያኛው አይሆንም» ብሎ ያማርራል። መጽሐፉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የተሸጠለት ግን በማይመለከተው ነገር ነው። በሌላ በኩል ዘንዶም ትንቢትም የሌለበት፣ ግን ያንኑ የጓደኝነት ሙቀት የያዘ መጽሐፍ «አይመስልም» ተብሎ ይታለፋል። ወረቀቱን አትጣሉት። አጥፋችሁ ገጽ ማስታወሻ አድርጉት።

2. ፋታ ስጡ

የድሮውን ደግማችሁ ጨርሳችሁ በነጋታው አዲሱን አትጀምሩ። የአንዱ ደራሲ ድምፅ ጆሮ ላይ እያለ የሌላው ሁሉ ቀጭን ሆኖ ይሰማል። መሃል ላይ ሌላ ዓይነት ነገር አስገቡ። የወንጀል ታሪክ ይሁን፣ ግለ ታሪክ ይሁን፣ ግጥም ይሁን ግድ የለም።

3. የጋራውን ከግሉ ለዩ

«ኮፒ ነው» ከማለታችሁ በፊት ተወሰደ የምትሉት ነገር መጀመሪያ የማን እንደነበረ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያስገርማል።

የአስማት ትምህርት ቤትን እንውሰድ። ብዙ ሰው በሃሪ ፖተር የተጀመረ ይመስለዋል። የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ኡርሱላ ለ ጉዊን ግን ወጣት አስማተኞች የሚሠለጥኑበትን ትምህርት ቤት በኧርዝሲ ልብ ወለዷ ያስገባችው በ1968 ነበር። ጂል መርፊም የጠንቋይነት ትምህርት በሚማሩ ሴት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ላይ ያተኮረ የልጆች መጽሐፍ በ1974 አሳትማለች። አስማቱን እንተወውና አዳሪ ትምህርት ቤቱን ብቻ እንይ። አዲስ ገቢ ተማሪ፣ ታማኝ ጓደኛ፣ ጉልበተኛ ልጅ፣ የተከበረ ርዕሰ መምህር፤ እነዚህ ሁሉ «ቶም ብራውንስ ስኩል ዴይስ» በተባለው የእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ አሉ። እሱ የታተመው በ1857 ነው። እንግዲህ ክሱን ከማን እንጀምር?

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ቭላዲሚር ፕሮፕ የሚባል ሩሲያዊ ምሁር አንድ መቶ ያህል የሩሲያ ተረቶችን ፈታትቶ መረመረ። ጥናቱን በ1928 ሲያሳትም አንድ ነገር አሳየ። ተረቶቹ ላይ ላዩን ቢለያዩም የሚሠሩት ከ31 ዓይነት ድርጊቶች ነው። ሁሉም ድርጊቶች በእያንዳንዱ ተረት አይገኙም። ለጀግናው «ይህን አታድርግ» ይባላል፤ ያደርገዋል። ከቤቱ ይወጣል። መንገድ ላይ የሚፈትነው ሰው ያገኛል፤ ፈተናውን ሲያልፍ አስማታዊ ዕቃ ይቀበላል። ፕሮፕ የባለታሪኮቹን ሚናም በሰባት ከፍሎታል። ክፉው፣ ዕቃ ሰጪው፣ ረዳቱ፣ የሐሰት ጀግናው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይህን ያወቀ ሰው «ሽማግሌው ሰይፍ ሰጠው፤ ከዚያኛው የተሰረቀ ነው» ለማለት አይቸኩልም።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ትሪፕስ በመባል የሚታወቀው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 9 የቅጂ መብት የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን እንዳልሆነ ይናገራል። «አስማተኛ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ» ሐሳብ ነው፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። የሌላውን ሰው ትዕይንትና ዓረፍተ ነገር እንዳለ ማምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። እርሳስ ያዙና በገጹ ዳር ሦስት ዓይነት ምልክት አድርጉ። መጽሐፉ የውሰት ከሆነ ወይም ስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የገጹን ቁጥር ጻፉ።

ክብ፦ የሁሉም ለሆነው። ትንቢት፣ ወላጅ አልባ ልጅ፣ ምስጢራዊ አስተማሪ፣ የጨለማ ጌታ፣ የተከለከለ ጫካ።

ኤክስ፦ የዚያ የድሮው መጽሐፍ ብቻ ለሆነው። ያ ደራሲ ብቻውን የፈጠረው ዕቃ፣ በዚያው ቅደም ተከተል የሚመጡ ትዕይንቶች፣ ያው ቀልድ፣ ያው ንግግር።

ኮከብ፦ የትም አይታችሁት ለማታውቁት።

ግማሽ ላይ ስትደርሱ ገልበጥ ገልበጥ እያደረጋችሁ ምልክቶቹን እዩ። ክብ ቢበዛ ችግር የለውም፤ ፋንታሲ የሚበላው እንጀራው ነው። ኤክሱ ከኮከቡ ከበለጠ ግን ደራሲው ገና የራሱን አላገኘም። ያኔ ቅር ቢላችሁ ልክ ናችሁ።

4. የመጀመሪያውን ሩብ በትዕግሥት እለፉ

መመሳሰሉ የሚበዛው መጀመሪያ ላይ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ደራሲው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አደጋ ውስጥ ማስገባት አለበት። ቤት ውስጥ ነቃ ያለች እናት ካለች ታሪኩ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያልቃል። «የትም አትሄጂም፣ ግቢ!» ትላታለቻ። ስለዚህ በወጣቶች ፋንታሲ ውስጥ ወላጆች ይሞታሉ፣ ይታሰራሉ፣ ይጠፋሉ። (ምስኪን ወላጆች።) ደግሞም የአስማቱን ዓለም ሕግ ለአንባቢ የሚያስረዳ ምክንያት ያስፈልጋል። ምንም የማያውቅ፣ ሁሉን የሚጠይቅ አዲስ ገቢ ካለ ይሄ ይቀላል። መነሻው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ደራሲ እዚያው በር ላይ ይገናኛል።

እዚህ ክፍል ላይ ሳላችሁ የድሮውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውጥታችሁ አታመሳክሩ። የሌሎችን አስተያየትም አታንብቡ። ምልክት አድርጉና እለፉ። የታሪኩን መንገድ ቀድማችሁ ስለምታውቁት ጭንቅላታችሁ ነፃ ነው። ያንን ነፃነት ለድምፁ ስጡት። ማነው የሚተርከው? በስላቅ ነው ወይስ በፍርሃት? የድሮው መጽሐፍ ከውጭ ሆኖ «እሱ» እያለ ተርኮ ከነበረና አዲሱ «እኔ» ካለ፣ ያው ትዕይንት ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ነው። «እኔ» የምትል ተራኪ ልትዋሽ ትችላለች። የማታውቀውንም ልትነግራችሁ አትችልም።

5. የሚለያዩበትን ቦታ ያዙ

ይሄ የመመሪያው ልብ ነው።

መለያያው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጀግናው ማንም ሳይገፋው የመጀመሪያውን የራሱን ውሳኔ ሲወስን ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሮች ይደርሱበታል እንጂ እሱ አያደርጋቸውም። ተጠራ፣ ተወሰደ፣ ተነገረው። ውሳኔው ሲመጣ ቆም በሉና ሦስት ነገር ጠይቁ። የድሮው ጀግና እዚህ ቦታ ላይ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ይሄኛው ምን አደረገ? በልዩነቱ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ መጽሐፍ እዚሁ እንፍጠር። ትንቢት የተነገረላት ልጅ አለች። እኛ የምንከተለው ግን እሷን አይደለም፤ ታናሽ እህቷን ነው። ታላቋ ወደ ታላቁ የአስማት ትምህርት ቤት በክብር ትገባለች። ታናሿ በኋላ በር ትገባለች፣ ሳህን ልታጥብ። አዳራሹ ያው ነው። ማማው፣ ሻማው፣ ረጅሙ ገበታ ሁሉ ከድሮው የምታውቁት ነው። በድሮው መጽሐፍ ግን ምግቡ ገበታው ላይ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ አታውቁም ነበር። እዚህ የምትሸከመውን ልጅ እጅ ታያላችሁ። ከዚያ መካከል ላይ ታላቋ እህት «ዓለምን ለማዳን መሞት አለብሽ» ትባላለች። የድሮው ጀግና ቢሆን ራሱን ያዘጋጅ ነበር። ታናሿ ግን ሳህኑን አስቀምጣ «ይሄን ትንቢት የጻፈው ማነው?» ትላለች።

መለያያው እዚህ ነው። መመሳሰሉ ባይኖር ኖሮ ይህ ጥያቄ እንዲህ አይመታም ነበር። ያንን አዳራሽ ከዚህ ቀድማችሁ ከፊት በር ስለገባችሁበት ነው የኋላ በሩ የሚከነክናችሁ። ጎበዝ ደራሲ ትዝታችሁን አስቦበት ይጠቀምበታል። ለድሮው መጽሐፍ መልስ እየሰጠ ነው፤ አንዳንዴም እየተከራከረው።

ሆን ተብሎ የተደረገውን መመሳሰል ሳይታሰብ ከገባው መለየት አይከብድም። ሆን ተብሎ የተደረገው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ቆይቶም ይገለበጣል። ሳይታሰብ የገባው እንደመጣ ያልፋል፤ ምንም ሳይለወጥ፣ ምንም ሳይለውጥ።

መለያያው ሁልጊዜ በድርጊት ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ መቼቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ቴሪ ብሩክስ በ1977 «ዘ ሶርድ ኦቭ ሻናራ»ን ሲያወጣ ከቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ጋር እጅግ ይመሳሰላል ተብሎ ብዙ ተተችቷል። የሴራውን አካሄድ ካያችሁ ትችቱ መሠረት አለው። ግን የብሩክስ ዓለም የጥንት ዘመን ዓለም አይደለም። የእኛው ምድር ናት፤ ታላቅ ጦርነት ካወደማት ከብዙ ዘመን በኋላ። ድንኮቹና ትሮል የሚባሉት ግዙፍ ፍጡራን ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ይህን ልብ ያለ አንባቢ ፍርስራሽ በተጠቀሰ ቁጥር ሌላ ታሪክ ያነባል። ልብ ያላለው ደግሞ «ኮፒ» ብሎ ዘጋው።

መለያያውን ካገኛችሁ በኋላ የድሮውን መጽሐፍ ዝርዝር ማሳደድ አቁሙ። ክብና ኤክሱ ይበቃል። ከዚህ በኋላ የምትከተሉት አዲሱን ሰው ብቻ ነው፤ ስሟን፣ ፍርሃቷን፣ ማንን እንደምታጣ።

6. የአስማቱን ዋጋ አስሉ

ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት በትር፣ አንድ ዓይነት ድግምት ሊኖራቸው ይችላል። አስማቱ የሚያስከፍለው ነገር ግን ይለያያል። በአንዱ ጉልበት ያስከፍላል፣ በሌላው ዕድሜ፣ በሌላው ትዝታ። ምንም የማያስከፍል ከሆነም ያ ራሱ መልስ ነው።

የፋንታሲ ደራሲው ብራንደን ሳንደርሰን በ2007 ባወጣው ጽሑፍ የሚጠቅም መለኪያ ሰጥቷል። ደራሲ ግጭትን በአስማት አጥጋቢ አድርጎ የመፍታት አቅሙ አንባቢው አስማቱን በተረዳው ልክ ነው ይላል። ጡዘቱ ላይ ስትደርሱ በዚህ ለኩት። ጀግናው የዳነው ቀድማችሁ በምታውቁት ሕግ ነው ወይስ ድንገት ከሰማይ በወረደ ኃይል? አንዳንድ ደራሲ የአስማቱን ሕግ ከድሮው መጽሐፍ እንደምታውቁት ቆጥሮ ሳያስረዳ ያልፋል። ይሄ ስንፍና ነው፤ እኔ ይቅር የማልለውም ይህንን ነው።

7. መተው ሲያስፈልግ ተዉት

አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል የታወቀች የ50 ገጽ ደንብ አላት። 50 ገጽ ሞክሩት፤ ካልያዛችሁ ተዉት። ዕድሜያችሁ ከ50 ካለፈ ከ100 ላይ ዕድሜያችሁን ቀንሱ፤ የቀረው ቁጥር የምትታገሱት ገጽ ነው። የሰባ ዓመት ሰው ከ30 ገጽ በላይ አይገደድም። ደስ የምትል ደንብ ናት።

ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ግን ትንሽ ትቸኩላለች እላለሁ። 50ኛው ገጽ ላይ ገና በሩ ላይ ናችሁ፤ መመሳሰሉ ከሁሉ የበዛበት ቦታ። ስለዚህ ጀግናው የመጀመሪያውን የራሱን ውሳኔ እስኪወስን ታገሱ። ግማሽ ደርሳችሁ ውሳኔ ከሌለ፣ ካለም የድሮው ጀግና ውሳኔ ቃል በቃል ከሆነ፣ በቃ፣ ዝጉት። የድሮው መደርደሪያ ላይ አለላችሁ።

8. መጽሐፉን የሚያነብ ወጣት አጠገባችሁ ካለ

ታናሽ እህት፣ የወንድም ልጅ፣ የራሳችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። ዓይኑ እያበራ «ይሄን መጽሐፍ ስሙኝማ» ሲላችሁ «እሱማ ከእገሌ የተቀዳ ነው» አትበሉ። ለእሱ የመጀመሪያው ይሄኛው ነው። እናንተ የምትወዱትን ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያነብ «ይሄማ ከእኔ መጽሐፍ ጋር ይመሳሰላል» ይላችኋል። ያኔ ብትናደዱ አይፈረድባችሁም።

ይልቅ ጠይቁት። አስማቱን ቢሰጡህ ዋጋውን ትከፍል ነበር? አስተማሪው የደበቀው ነገር ያለ አይመስልህም? ጓደኛዋ ትክክል ነበረች? ልጆች ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ረጅም መልስ አላቸው። ወሬው ሲሞቅ የእናንተን መጽሐፍ አውጡና «ይሄኛው ልጅ እንደዚያ ሲገጥመው ምን እንዳደረገ ልንገርህ?» በሉት። ካልፈለገ ተዉት። በግድ የተሰጠ ተወዳጅ መጽሐፍ አቧራ ይጠጣል።

9. ሁለተኛው ቅጽ

የወጣቶች ፋንታሲ ብዙ ጊዜ በተከታታይ ቅጾች ይመጣል። ከሁሉ በላይ ሌላ መጽሐፍ የሚመስለው የመጀመሪያው ቅጽ ነው። ደራሲው በሚወደው መጽሐፍ ድምፅ ይጀምርና እየጻፈ የራሱን ያገኛል። ደራሲው ቴሪ ፕራቸት ዲስክወርልድ ከተባለው ተከታታዩ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1983 ሲያወጣ በዘመኑ የነበረውን የፋንታሲ ወግ የሚያሾፍበት ነበር። ተከታታዩ 41 ልብ ወለድ ሲደርስ ስለ ፖስታ ቤት፣ ስለ ጋዜጣ፣ ስለ ባንክ የሚጽፍ፣ ማንንም የማይመስል ደራሲ ሆኗል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጽ ጥቂትም ቢሆን ኮከብ ካለው ሁለተኛውን ሞክሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ያቺን የታጠፈች ወረቀት ዘርጓትና ከጻፋችኋቸው ሦስት መስመሮች በታች አራተኛ ጨምሩ፦ ከዚህ ከአዲሱ የወደድኩት ምንድን ነው? ቀጣዩን ቅጽ በዚህ መስመር መዝኑት። ምልክት ማድረጉ አያስፈልግም፤ እርሳሱን አስቀምጡት።